ዳርላ ኬሚስትሪን የመረጠችበት ምክንያት

ዳርላ ታከር አሜሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ ካለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ የገባችው ሐኪም ለመሆን ብላ ነው። የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ፈተና ስትወድቅ መምህሯ ፕሮፌሰር ፕሩት ወረቀቷን ለተማሪው ሁሉ አሳየና፣ «አንቺ ሰው ልታክሚ ቀርቶ ሾርባ ማማሰልም አይሆንልሽ። ሂጂ ታሪክ ተማሪ» አላት። ክፍሉ ሳቀ።

ታሪክ እንኳ ትወድ ነበር። እዚያ አገር ከኮሌጅ በኋላ የሚገባበት የሕክምና ትምህርት ቤትም ቢሆን የሚፈልጋቸውን ኮርሶች እስከወሰደ ድረስ የታሪክ ተማሪንም ይቀበላል። እሷ ግን በማግስቱ ሄዳ ኬሚስትሪን ዋና ትምህርቷ አድርጋ ተመዘገበች፤ ዓይኑ ሥር ለመቆም ብቻ። አራት ዓመት ሙሉ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠችበት።

በመጨረሻው ዓመት ቢሮው ገባች።

«ለሕክምና ትምህርት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ነው።»

«ከኔ ሌላ መምህር ጠፋ?»

«ማማሰሌን አራት ዓመት ያዩት እርስዎ ነዎት።»

ውጤቷ ከፍተኛ ነበርና ጻፈላት፤ አሳምሮ ጻፈ። የሕክምና ትምህርት ቤቱ ማመልከቻ ቅጽ ደግሞ ኬሚስትሪን ለምን እንደመረጠች ይጠይቅ ነበር። ፕሩት በዚያ የፈተና ውጤት ቀን ያላትን ቃል በቃል፣ ከነስሙ አሰፈረችው። የፕሩት ሙገሳና ስድብ በአንድ ፋይል ሄዱ።

ተቀበሏት። የታሪክ መጽሐፍ የገዛችው ከዚያ በኋላ ነው።