የሚዛን ባዶ ብልቃጦች

ያን ክረምት ሳስበው መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሽታው ነው። ልብስ ታጥቦ አይደርቅም፤ ገመድ ላይ ሰንብቶ ሻግቶ ይወርዳል። ግድግዳው ሰው ይመስል ያልበዋል። በየቤቱ ትኩሳት ገብቶ ስለነበር ሰዉ ሲገናኝ ሰላምታው ራሱ «እናንተ ቤት ስንቱ ተኛ?» ሆኖ ነበር። የእህቴ ልጅ ከሆስፒታል ስትመጣ የበረኪናው ሽታ ቀድሟት በር ይገባል። እሱ ሲሸተኝ ነው ተነስቼ የእግሯን ውሃ የምጥድላት።

ነርስ ነበረች። እናቷ በጨቅላነቷ ጥላት ስለሞተች እኔው እጅ ላይ አደገች። እኛ ቤት ስሟ ሚዛን ነው፤ ያወጣሁላትም እኔ ነኝ። ገና አፏን ሳትፈታ ዳቦ ስታካፍል አንዱ ቁራሽ ከሌላው በፍርፋሪ እንዳይበልጥ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታስተያይ ነበር። ሥራ ስትይዝ ስሙም ተከትሏት ሄደ፤ በሽተኞቹ ሳይቀሩ «ሚዛን መጣች» ይሉ ነበር አሉ። ደግሞ ሳቂታ ነበረች። የሐኪሞቹን አረማመድ እያስመሰለች ጎኔን እስኪያመኝ ታስቀኛለች።

በዚያ ክረምት ሳቋ ጠፋ። ከባልደረቦቿ ገሚሱ ታመመ፣ ገሚሱ ሥራውን ጥሎ ሄደ፤ የሁሉም ተራ እሷ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ባንድ አልጋ ሁለት ሰው እንደሚተኛ መጀመሪያ ታወራልኝ ነበር፤ ኋላ እሱንም ተወችው። ምግብ ሳቀርብላት ማንኪያውን ይዛ ትቀራለች። ደክሟት ነው ብዬ ነበር። ግን ድካም ብቻ አልመስል አለኝ። ጫማዋን አውልቃ ከተቀመጠች በኋላ ብድግ ትልና ወደ ሆስፒታል ትመለሳለች። በዕረፍት ቀኗም ትሄዳለች።

«ምን ረሳሽ?»

«ምንም፣ እትዬ። አንድ ነገር አይቼ ልምጣ።»

«የምታዪው ነገር ሱሪ ይለብሳል?»

ድሮ ቢሆን «እትዬ ደሞ! እዚያ ሱሪ የለበሰው ሁሉ ተኝቶ ያቃስታል» ትለኝ ነበር። አሁን አልሰማችኝምም። በሩን ዘግታ ሄደች።

እኔም ሰው ይዛለች አልኩ። ይሄን ያህል የምትደብቀው ባለትዳር ቢሆን ነው አልኩ። ሆድ አንዴ ከጠረጠረ ዓይን ዕረፍት የለውም፤ ፀጉሯን ስትሠራ አያለሁ፣ ስልክ ስታነሳ ጆሮዬን እጥላለሁ። የወንድ ድምፅ ግን አንድ ቀን አልሰማሁም።

ከዕለታት ባንዱ ነጭ ጋውኗን ስዘፈዝፍ ኪሱ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቃጨለ። እጄን ብሰድ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ነው፤ አንገቱ የተሰበረ፣ ባዶ፣ በጥጥ የተጠቀለለ። አንድ ቢሆን ረስታው ነው ባልኩ። በሌላኛውም ኪስ አለ። በሚቀጥለው እጥበትም አገኘሁ። ከዚያማ ክፍሏን መፈተሽ ያዝኩ። አልጋዋ ሥር የዱቄት ወተት ጣሳ ነበር፤ ከፍቼ ባየው እስካፉ ባዶ ብልቃጥ ሞልቶታል። እያንዳንዱ ላይ ቁራጭ ፕላስተር ተለጥፎ ቁጥር ተጽፎበታል። የምን ቁጥር እንደሆነ አልገባኝም። ክዳኑን መልሼ ወጣሁ።

በግድግዳ የምንዋሰን ልብስ ሰፊ ጎረቤት አለችኝ። ነገሩን የሌላ ሰው አስመስዬ ጠየቅኋት።

«ባዶ ብልቃጥ የምትሰበስብ ነርስ ብትኖር ምን ትያለሽ?»

የያዘችውን መርፌ ከከንፈሯ አወጣች። «የማስታገሻ ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄ!»

«የማስታገሻ ከሆነ ራሷን ትወጋለች። ካልወጋችም ትሸጣለች። ሙሉውን ሸጣ ለበሽተኛው ውሃ ትወጋና ባዶውን ትደብቃለች።»

«ኧረ ተይ! ሰው እንዲህ ያደርጋል?»

«ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር። ይልቅ ክንዷን እዪው። የዚያችን ነርስ ማለቴ ነው» አለችና ባገጯ ወደኛ በር አመለከተች።

በማግስቱ ብርድ ልብስ እንጠብ ብዬ ሚዛንን እጅጌዋን አስጠቀለልኳት። ክንዷ ንጹሕ ነው፤ አንድ ነጥብ የለበትም። ግን ቀጥኖ ሰዓቷ እስከ ክርኗ ይንሸራተታል። ደስ ሊለኝ ሲገባ የሰፊዋ ሁለተኛ ቃል ጆሮዬ ላይ አቃጨለ፤ ካልወጋችም ትሸጣለች። ያሳደግኳትን ልጅ፣ ፍርፋሪ የምታስተያየውን ልጅ፣ እንደ ሌባ በጎን ማየት ጀመርኩ።

ክረምቱ ወጣ፤ ትኩሳቱም ረገበ። አንድ ቀን ከሰዓት ሚዛን ሱቅ ወጥታ ሳለ በመስኮት ባይ የሚዛን አለቃ፣ የነርሶቹ ኃላፊ፣ በራችን ላይ ቆማ የፀሐይ ጃንጥላዋን ታጥፋለች። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እስክታንኳኳ ድረስ ጣሳውን ካልጋው ሥር አውጥቼ ከከሰሉ ጆንያ ኋላ ሸጎጥኩት። ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ።

ጫማዋ የሚጠብባት የምትመስል፣ ፊቷ የከሰለ ሴት ናት። ተቀመጭ ብላት ወንበሩ ጫፍ ላይ ብቻ አረፈች።

«እናቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለች። «ከባድ ማስታገሻ ሲሰጥ፣ የፊተኛው ባዶ ብልቃጥ ሳይመለስ ሌላ ሙሉ አይወጣም። በዚህ ክረምት ጭንቅ ስለነበር ባዶው ኋላ ይመጣል እየተባለ ይወጣ ነበር። አሁን መድኃኒት ክፍሉ ባዶውን ጠየቀ። የሌሎቹ መጣ፤ የእሷ የለም። አጣሪ ኮሚቴ ተቀምጧል። ካልተገኘ ሸጣዋለች ይባላል፤ የሙያ ፈቃዷ ይነጠቃል፣ ነገሩም ለፖሊስ ይሄዳል። እዚህ ቤት ያዩት ነገር አለ?»

«ምን አያለሁ? ዓይኔ ደክሟል» አልኳት። ያኔ ዓይኔ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባ ነበር።

ይሄን ስል ሚዛን ገባች። ኃላፊዋን አላየቻትም ብል ይቀለኛል። የገዛችውን ሳሙና ጥላ በቀጥታ ወደ ክፍሏ ገባች፤ አልጋው ሲጎተት ተሰማን።

«እትዬ! ጣሳዬን ማን ነካው? ጣሳዬ የታለ?»

ባዶ እጇን ዘርግታ ወጣች። ኃላፊዋ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየች። የሱሰኛ ፊት ምን እንደሚመስል ባላውቅም ያን መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ምን መደበቅ አለ? ጣሳውን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ሚዛን ገለበጠችውና በጣቷ መፈለግ ጀመረች። አንዱን አነሳች።

«አስራ አንድ» አለች። «ሰጥቻቸዋለሁ።» ትንፋሿ ወጣና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ለማን ነው የሰጠሽው?» አለች ኃላፊዋ።

«አስራ አንድ ቁጥር አልጋ ላይ ለነበሩት አሮጊት።»

«እሳቸው እኮ ከሞቱ ቆዩ።»

«አውቃለሁ። ማስታገሻቸውን አግኝተው ነው የሞቱት ወይስ እያመማቸው? እሱ ነው የሚጠፋብኝ።»

እሷው ቀጠለች። «እጄ ይሠራል፤ እኔ ግን እዚያ የለሁም። በሩን ስወጣ፣ ሰጠሁ ወይስ አልሰጠሁም እያልኩ ተመልሼ እሄዳለሁ። ካርዱ ላይ ፈርሜያለሁ፤ ሳልሰጥ ፈርሜ ቢሆንስ? ፊርማዬን አላምነውም። ብልቃጡን ግን እነካዋለሁ።»

ኃላፊዋ አንዱን አንስታ ፕላስተሩን አገላብጣ አየችው። «ባዶ ብልቃጥ መድኃኒቱ ማን ገላ ውስጥ እንደገባ አይናገርም፣ ሚዛን።»

«እኔስ ሌላ ምን እያልኩ ነው?» አለች ልጄ።

ኃላፊዋ ጣሳውን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ተነሳች። አጥሩ ጋ ከደረሰች በኋላ ደንግጣ ተመለሰች።

«እናቴ፣ ጃንጥላዬን ረሳሁ መሰለኝ።»

«እጅሽ ላይ ነው፣ ልጄ።»

ጃንጥላውን አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ መንገዷን ቀጠለች።

ኮሚቴው ብልቃጦቹን ከወጣው መድኃኒት ጋር አመሳከረ። አንድም አልጎደለም። ሌባ የሚለው ስም ወደቀላት። እዚያው ላይ ግን የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ አንድ ሽማግሌ ሐኪም፣ «ዕረፍት እንስጥሽና ወደ ክፍልሽ ተመለሽ። ከእንግዲህ ባዶውን በወቅቱ ትመልሻለሽ?» አላት። እሺ ማለት ብቻ ነበር የቀራት። ሚዛን ግን «አልመልስም። የማልችለውን እሺ አልልም» አለች። በዚያው ሥራዋ አበቃ። ይሄን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ብልቃጦቹን አስቀርተው ጣሳውን መልሰውላት ባዶውን በብብቷ ይዛ ገብታ። በዚያ ቀን እስኪመሽ ተኛች፤ ተነስታም አልሄደችም።

ሰፊዋ ግን እስከ ዛሬ አላመነችም። «ንጹሕ ብትሆን ለምን ለቀቀች?» ትላለች። እኛ ቤት ስትመጣ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ወዳለው ጣሳ ይሄዳል።

«ሽንኩርት ነው» እላታለሁ።

«እኔ ምን አልኩ?» ትላለች።

«ገና ልትዪ ነበራ!»

ቆይቶ ሚዛንን እዚህ ሰፈር መኖር ከበዳት። ሰላም የሚላት ሰው ሁሉ መጀመሪያ ክንዷን ያያል። አንድ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ፣ አቅፋኝ፣ አውቶቡስ ተሳፈረች። ዘመዳችን የሆነ ሹፌር ባለፈው በጋ አይቷታል። ከወንዙ ማዶ ባለችው ከተማ፣ ገበያው ፊት ለፊት፣ መነጽር መሸጫ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች፤ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ መነጽር ትወለውል ነበር አለኝ። ከዚያ ወዲህ የሰማሁት የለም።