ማንም አልሞተም፤ ሽሮ ነው

ስልኬ ከእኔ ቀድሞ ይነቃል። ውዳሴ ማርያሜን ሳልጨርስ «እንኳን ደስ አለዎት!» ይለኛል። በሕይወቴ ሎተሪ ቆርጬ አላውቅም፤ በስልኬ ግን መኪና ለመሸለም በየሳምንቱ አንድ እርምጃ ብቻ ይቀረኛል። ከዚያ የጥርስ ሐኪም ይከተላል፤ ከዚያ ቤት ሻጭ። አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖረውን ሴት «ውድ ባለሀብት» ብሎ ባለ አራት መኝታ አፓርታማ ሲያቀርብልኝ፣ በስልኩ ውስጥ የምትኖረው ሴትዮ ሌላ ሳትሆን አትቀርም እላለሁ። እግዜር ይጨምርላት፣ ደኅና ኑሮ ይዛለች።

በዚህ ሁሉ ስስቅ ኖሬ ኖሬ አንድ ቀን ራሴ ላኪ ሆንኩ።

አገሬ ከዓባይ ማዶ ነው። እዚህ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ሽሮና በርበሬ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። አተሩንና ቅመሙን ከሾላ ገበያ ራሴ መርጬ፣ ራሴ ለቅሜ፣ ወፍጮ ቤት ቆሜ አስፈጫለሁ። ቆሜ የምለው፣ ዞር ያለች ሴት የጎረቤቷን ዱቄት ይዛ ስለምትመለስ ነው። ሰው «ጠንቃቃ ናት፣ እግዚአብሔርን ትፈራለች» ይለኛል። ይህች ስሜ ናት የእድሩ ጸሐፊ ያስደረገችኝ።

እድራችን ድሮ ሞትን በጥሩንባ ነበር የሚያስለፍፈው። ጥሩንባ ነፊው ሽማግሌ ዳገቱን ሲወጡና ሲወርዱ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይተዋል። ከዕለታት አንድ ቀን ጉባኤው «ዘመኑ የቴክኖሎጂ ነው» አለና በጭብጨባ፣ በሰርተፍኬትና በአንድ ጋቢ አሰናበታቸው። በምትካቸው ስልክ ተገዛ። የሦስት መቶ አሥር እድርተኞች ቁጥር ተሞላበትና ለእኔ ተሰጠ። ሰው ሲሞት እጽፋለሁ፤ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ከዚያ ስልክ የሞት ወሬ እንጂ ሌላ ነገር ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ የሰፈሩ ልማድ አንድ ሆነ፤ የእድሩ መልእክት ሲጮህ ማንም ቆሞ አያነብም። ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል፤ ማን እንደሞተ መንገድ ላይ ይጠይቃል። ግማሹ ዓይኑ አያይ፣ ግማሹ ፊደል አልቆጠረ፤ ድምፁ ይበቃዋል።

ለሰፈሩ ተወላጅ እድር እድር ነው። ለእኔ ግን ወንድምም አጎትም እሱ ነው። በዚህ ከተማ የሥጋ ዘመድ የለኝም። እናቴ አገር ቤት ናት፣ አርጅታለች። መርዶዋ የመጣ ቀን ድንኳን የሚተክልልኝ፣ እኔም የሞትኩ ቀን ሬሳዬን የሚያነሳልኝ ያ ዝርዝር ነው። ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ ያደረግሁትን ያደረግሁት።

መገናኛ አንድ ሕንጻ አምስተኛ ፎቅ ላይ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ሥልጠና አለ ተባለና ሄድኩ። አሳንሰሩ ተበላሽቶ «አብረን እንደግ!» የሚል ባነር ሥር እያለከለክን በደረጃ ወጣን። አሠልጣኙ ጫማው ሹል፣ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ የቀረ ጎልማሳ ነው። ከአፉ ከሚወጡት ሦስት ቃላት ሁለቱ እንግሊዝኛ ናቸው፤ ሦስተኛው «ማለት ነው» ነው።

«ፎን የሌለው ደንበኛ የለም ማለት ነው» አለ። «ሱቅሽ ድረስ እስኪመጣ ለምን ትጠብቂዋለሽ? ኪሱ ውስጥ ግቢበት!»

ሰው ኪስ ውስጥ መግባት እኛ አገር ሌላ ስም አለው። ቢሆንም ማስታወሻ ያዝኩ።

ለእረፍት ስንወጣ አጠገቤ መጣ። «ማዘር፣ ስንት ኮንታክት አለሽ?»

ማዘር ይለኛል፣ አንቺም ይለኛል። «የደንበኞቼ ወደ አርባ ይሆናል» አልኩት።

«አርባ ምን ይሠራል? ሌላስ?»

«ሌላ እንኳ የለኝም። የእድሩ ስልክ አለ፣ ሦስት መቶ አሥር ሰው፤ እሱ ግን ለሞት ነው።»

ዓይኑ በራ። «እየቀለድሽ ነው? ሦስት መቶ አሥር ሰው፣ በሙሉ አንድ ሰፈር፣ በሙሉ ሽሮ በላተኛ! ወርቅ ላይ ተቀምጠሽ ነው የምትለምኚው። ደግሞ ልንገርሽ፤ ጠዋት ማለዳ ላኪ። ሰው መጀመሪያ የሚያየው ስልኩን ነው።»

ለሦስት ቀን አሰብኩበት። ጸለይኩበትም። የንስሐ አባቴን ግን አልጠየቅኋቸውም፤ እምቢ እንደሚሉ አውቅ ነበራ! በምትኩ ራሴን በራሴ አሳመንኩ። ዐቢይ ጾም እየመጣ ነው፣ ሽሮ የጾም ምግብ ነው፤ ስለዚህ ማስታወቂያው ከስብከት ብዙም አይርቅም። ሰይጣን በጾም ሲፈትን ጮማ ይዞ የሚመጣ ይመስለን ነበር። ሽሮም ይዞ ይመጣል።

የቅበላ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አሠልጣኙ የጻፈልኝን ላክሁ። «ውድ ደንበኛችን! ጾሙ መጣ፤ ሽሮስ ይዘዋል? ሦስት ኪሎ ለሚገዙ ሚጥሚጣ በነጻ! ይፍጠኑ!» ካልኩ በኋላ ሱቄን ከፍቼ፣ ሚዛኔን ወልውዬ ተቀመጥኩ።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። ዳገቱ በነጭ ነጠላ ተሞላ።

መጀመሪያ ላይ፣ ኃጢአቴን ልናገር፣ ደስ አለኝ። «ሥልጠና ማለት እንዲህ ነው» አልኩ። ቀጥሎ ጥለቱን አየሁት፤ ነጠላው ሁሉ ተዘቅዝቋል።

«ማን ነው? ማን ነው?» ትላለች አንዷ እየሮጠች።

«እኔ ምን አውቄ! ስልኩ ጮኸ፣ ወጣሁ።»

«ከላይ ሰፈር ያሉት ሽማግሌ ይሆናሉ። ትናንት ሲያስሉ አምሽተዋል።»

«ወይኔ ጋሼ! ወይኔ ደጉ ሰው!» አለችና ሦስተኛዋ ደረቷን መታች። የሚያስሉት ሽማግሌ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ከኋላዋ ደረሱ። «አይዞሽ ልጄ፣ ማን ነው ያረፈው?» ብለው አብረዋት ያለቅሱ ጀመር።

ወንዶቹ የእድሩን መጋዘን ከፍተው ድንኳኑን ግማሽ ድረስ ተክለዋል። ሁሉም የጸሐፊዋን አፍ ለመስማት ሱቄ በር ላይ ተኮልኩሏል፤ ጸሐፊዋ ግን የወለወለችውን ሚዛን ደግማ ትወለውላለች። በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ መነጽራቸውን አድርገው የገዛ ስልካቸውን ከፈቱና በለቅሶ ድምፅ ማንበብ ጀመሩ።

«ውድ… ደንበኛችን። ጾሙ መጣ…» ቆም አሉ። መነጽራቸውን ጠርገው ቀጠሉ። «ሦስት ኪሎ… ለሚገዙ…»



«እና ማን ነው የሞተው?» አሉ አንዲት አሮጊት።

«ማንም አልሞተም እማማ» አሉ ዳኛው፣ ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ። «ሽሮ ነው።»

ደረቷን የመታችው ሴት ነጠላዋን አስተካከለች። «ታዲያ እንባዬን ማን ይመልስልኛል?»

በዚያች ደቂቃ የራሴ ስልክ ጮኸ። አሠልጣኙ ነው። «ማዘር! ሪስፖንሱ እንዴት ነው?»

«ሰፈሩ በሙሉ ደጄ ላይ ቆሟል።»

«አላልኩሽም! ቶሎ ሁለተኛ ቴክስት አስከትይ!»

ያን ቀን ስቀውብኝ አለፉ። ሁለት ሰዎችም «ከመጣን አይቀር» ብለው ሽሮ ገዙ። ዳኛው ግን በሁሉ ፊት ገሠጹኝ፤ የእድር ስልክ እንደ ታቦት ዕቃ ነው፣ ለዓለማዊ ነገር አይነካም አሉ። አንገቴን ደፍቼ ሰማኋቸው። ትክክል ነበሩ።

በሳምንቱ ዳኛው ሱቄ መጡ። ዙሪያቸውን ገልመጥ ገልመጥ አደረጉና ድምፃቸውን ቀነሱ።

«ልጄ የጸጉር ቤት ከፍታ የለ? አንድ ቃል ጣል አድርጊላት።»

«ጋሼ፣ ለዓለማዊ ነገር አይነካም ብለውኝ አልነበር?»

«ያንቺ ንግድ ነው። ይሄ ለእድርተኛ ልጅ ማገዝ ነው፤ ለየቅል ነው።»

ላክሁላቸው። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ ግን በሩን የከፈትኩት እኔ፣ በየት አፌ ልዝጋው? ከዚያ የገንዘብ ያዡ ሚስት ለፋሲካ የሚደርስ ዶሮ የሚፈልገውን ትመዘግብ ጀመር፤ ያንንም ላክሁ። ቀጥሎ የሚከራይ ክፍል፣ ቀጥሎ የጠፋ በግ። በጾሙ እኩሌታ ላይ የእድራችን ስልክ እንደ ሾላ ገበያ ይጮህ ነበር። ነጠላ የሚያዘቀዝቅ ቀርቶ ቀና ብሎ የሚያይም አልነበረም።

በዚያ መካከል በአንድ ረቡዕ አንዲት እናት ሞቱ። ቤታቸው ከሁላችንም በላይ፣ እንጦጦ ተራራው ሥር ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከጫካው ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ እንደኔው ከሩቅ አገር የመጡ ሰው ናቸው። የእድር መዋጮ አንድም ወር አላጎደሉም። «ለዚያች ቀን ነው» ይሉኝ ነበር።

በሁለት ሰዓት ላክሁ። በጥንቃቄ ጻፍኩ፤ ማን እንዳረፉ፣ ቀብሩ በስምንት ሰዓት እንደሆነ። ከዚያ ወጣሁ። ድንኳኑ የለም። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሆነ። አምስት ሰዓት ላይ አስከሬኑ ያለበት ቤት ውስጥ አንድ ቄስ፣ ሁለት ጎረቤት፣ ዳኛውና እኔ ነበርን። ቃሬዛውን የሚያነሳ አራት ወንድ እንኳ አልሞላም።

ዳኛው «ኔትወርክ ይሆናል» አሉ።

ኔትወርክ አልነበረም። እኔ ነኝ። ግድግዳው ሥር በነጠላ ተሸፍነው የተኙትን ሴት ሳያቸው፣ የማየው ራሴን እንደሆነ አወቅሁ። ዝርዝሩ ላይ እሳቸው ከእኔ በአንድ ቁጥር ነበር የሚቀድሙት።

ወደ ጥሩንባ ነፊው ሽማግሌ ቤት ሮጥኩ። በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ የሸለምናቸውን ጋቢ ለብሰዋል።

«አባባ፣ በእናቴ ማርያም! ጥሩንባዎን ይዘው ይነሱልኝ!»

«ምነው? ስልካችሁ ቻርጅ ጨረሰ?»

«ማንም አያነበውም።»

«ጥሩንባማ አይነበብም» አሉና ሁለት እግራቸውን ዘረጉ። «እኔ እንኳ ጡረተኛ ነኝ። ሰርተፍኬት አለኝ። ላሳይሽ?»

ማን እንደሞቱ ነገርኳቸው። ቀልዳቸውን እዚያው ጣሉት። ጥሩንባዋን ከግድግዳ አውርደው ተነሡ።

ከሁለት ኩርባ በላይ ትንፋሻቸው አልበቃም። ስለዚህ ተካፈልን፤ እሳቸው አንድ ጊዜ ይነፋሉ፣ እኔ እየጮህኩ እናገራለሁ። ሴት በዚህ ሰፈር የቀብር ጥሪ ጠርታ አታውቅም፤ በዚያ ቀን ጠራች። በር በር እያንኳኳሁ ወረድኩ። የማገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ሽሮ መስሎኝ!» «ዶሮ መስሎኝ!» የዳኛው ልጅ ከጸጉር ቤቷ ማበጠሪያ እንደያዘች ብቅ አለች።

«ቴክስቱ አልደረሰሽም?»

«ደርሶኛል እትዬ፤ የራሴ ማስታወቂያ ተደግሞ የመጣ መስሎኝ አላየሁትም።»

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ዳገቱ ዳግም በተዘቀዘቀ ነጠላ ነጣ። ቀብሩ አልጎደለም። ግን አስከሬናቸው ከቤት ሲወጣ ለቅሶው ቀጭን ነበር፤ ሰው ግማሹ ከመንገድ ነው የተቀላቀለው። ይህን ጉድለት በኑዛዜ ተናግሬዋለሁ፤ እዚህም ልድገመው።

እሑድ በእድሩ መጋዘን ግቢ፣ ሣሩ ላይ ጉባኤ ተጠራ። አንዱ ተነሥቶ «ትባረር!» አለ። «የእድርን አደራ ለሽሮ የሸጠች!» ሌላው «ይገባታል» አለ። ፈራሁ። ስለ ሱቄ አልነበረም፤ ሱቅ ይዘጋል፣ ሌላ ይከፈታል። እናቴን አሰብኩ። መርዶዋ ሲመጣ ባዶ ደጄ ላይ ብቻዬን ስቀመጥ ታየኝ።

የእድሩን ስልክ ከመቀነቴ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። «ጥፋቴን አልክድም» አልኩ። «የመጀመሪያው የእኔ ነው። ሌላውም ከዚህ ስልክ የወጣው ሁሉ እዚሁ ተቀምጧል፤ ከመፍረዳችሁ በፊት ተራ በተራ ይነበብ።»

ዳኛው ሳል ያዛቸው። ገንዘብ ያዡ ሣሩን ማየት ጀመረ። በጉ የጠፋበት ሰውዬ ከነጭራሹ ተነሥቶ ወጣ።

«ምን ማንበብ ያስፈልጋል?» አሉ ዳኛው ሳሉ ሲለቃቸው። «ጾም ነው፤ ይቅር መባባል ነው። እህታችን ተጸጽታለች።»

«ተጸጽታለች!» አለ ገንዘብ ያዡ፣ ከእኔ በላይ ተጸጽቶ።

ተፈረደልኝ፤ ተፈረደብኝም። ከእድሩ አልወጣም። ስልኩ መጋዘን ይገባል፣ ጥሩንባው ይመለሳል፤ የሽማግሌው ትንፋሽ አጭር ስለሆነ ግን ሞት በመጣ ቁጥር አብሬያቸው እየዞርኩ ቃሉን የምጠራው እኔ ነኝ። ሱቄን ዘግቼ፣ በዝናብም በፀሐይም።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ጊዜ ዞረናል። በቀደም ለታ ቁልቁለቱን ስንጨርስ የራሴ ስልክ ጮኸ፤ አሠልጣኙ «ውድ ሠልጣኛችን፣ ሁለተኛው ዙር ተጀመረ! ይፍጠኑ!» ይለኛል። አጥፍቼው ድንጋይ ላይ አረፍን። ሽማግሌው የጥሩንባዋን አፍ በጋቢያቸው ጠርዝ ይጠርጋሉ።

«ላንቺስ ማን ይጠራልሻል?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎታ።»

«እኔማ ቀድሜሽ ነው የምሄደው።»

«እንግዲያው በቴክስት ያስልኩልኝ።»

«ያን ጊዜማ ማንም አይመጣልሽም!» አሉና ሳቅ በሳቅ ሆኑ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ አልቆም አለ። ጀርባቸውን መታ መታ አደረግሁላቸው። ትንፋሻቸው ሲመለስ ጥሩንባዋን ዘረጉልኝ።

«በይ ንፊ» አሉ። «ሳልሞት ተማሪ።»

ነፋሁ። የታመመ ጥጃ የሚመስል ድምፅ ወጣ። ከማዶ አንድ መስኮት ተከፈተ፤ አንዲት ሴት ነጠላዋን እያዘቀዘቀች «ማን ነው?» አለች።