ሽማግሌው ይውረድ፣ ልጁ ይግባ

ሰው ማመን የተውኩት በኳስ ምክንያት ነው። ይህን ስናገር የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። እነሱ ዳኛውን ይሳደባሉ፣ አሠልጣኙን ይረግማሉ፣ ከዚያ ቤታቸው ገብተው እራታቸውን ይበላሉ። በእኛ ጊዜ፣ በተለይ ከታኅሣሥ ግርግር በኋላ በነበሩት ወራት፣ አንድ ሰው የዚህ ቡድን አመራር አላማረኝም ቢል አጠገቡ የተቀመጠው ድንገት ሳል ይይዘው ነበር። ሳሉ አፍህን ያዝ ማለት ነው።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ የአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ነበረች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በረንዳዋ ላይ አምስት ስድስት ሆነን እንሰበሰባለን። ወሬያችን ኳስ ነው። ሰፈራችን የራሱ ቡድን ነበረው፤ ዳገት ላይ ስለምንኖር "ላይኞቹ" ይሉናል። ከጉርድ ሾላ ወገን የሚመጡትን ደግሞ እኛ "ታችኞቹ" እንላቸዋለን። ሜዳው እንጦጦ ግርጌ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ያለ ዘቅዛቃ መስክ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚያጠቃ ቡድን ግማሹን ጎል የሚያገባለት ቁልቁለቱ ነው። ከእረፍት በኋላ ቦታ ስለሚቀያየሩ ማንም ቅር ሊለው አይገባም ነበር። ኧረ ማን ሊተው! ዝናብ ከዘነበ፣ ነፋስ ከነፈሰ፣ ዳኛው ሰዓቱን ካየ፣ ከኋላው ተንኮል አለ ይባላል።

ልብስ ሰፊው ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የተጠጋ ሰው ነበሩ። አባታቸው ጉርድ ሾላ አካባቢ ገበሬ ነበሩ። ቤታቸው ውስጥ ኦሮምኛም አማርኛም ይነገራል፤ ሲቀልዱ በአማርኛ፣ ሲናደዱ በኦሮምኛ ነው። የታችኞቹ አገር ሰው ሆነው የላይኞቹ ደጋፊ በመሆናቸው ከሃዲ እያልን እናበሽቃቸዋለን። እሳቸውም ሚስት ያገኘሁት እዚህ ነው፣ ሰው የሚደግፈው የሚስቱን አገር ቡድን ነው ይሉናል። ለእኔ ልዩ ፍቅር ነበራቸው። ትምህርት ቤት ስገባ ቁምጣዬን፣ መሥሪያ ቤት ስቀጠር የመጀመሪያ ኮቴን የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። ከሰዎቹ ሁሉ በዕድሜ ትንሹ እኔ ነበርኩና "አንተ ጸሐፊ፣ ና እስቲ አጠገቤ" ብለው ያስቀምጡኛል። አባቴን በልጅነቴ ስላጣሁ ይቺ ጥሪ ደስ ትለኝ ነበር።

የቡድናችን በረኛ "ሽማግሌው" ይባሉ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሽማግሌ አልነበሩም። አርባ አምስት ቢሆናቸው ነው፤ ፀጉራቸው ግን ቀድሞ ሸብቷል። ክርስትና ያነሱኝ እሳቸው ስለሆኑ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አንቱ ነው የምላቸው፣ በፊታቸውም ሆነ በሌሉበት። ሌሎቹ የበረንዳው ሰዎች ግን እኩዮቻቸው ናቸውና "አንተ" እያሉ ነው የሚጠሯቸው፣ የሚሰድቧቸውም።

በዚያ ታኅሣሥ ጥቂት መኮንኖች ንጉሡ ባሕር ማዶ በሄዱበት አውርደናቸው ልጃቸውን እናነግሣለን ብለው ተነሥተው ነበር፤ ሳይሆንላቸው ቀረ። ተኩሱ እኛ ሰፈር ድረስ ይሰማ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰው በጎሪጥ መተያየት ጀመረ። ጎረቤታችን የነበረ አንድ ወታደር አንድ ጠዋት ተወሰደ፤ ሚስቱ እስከ ፋሲካ ጠብቃ ልጆቿን ይዛ ወደ እናቷ አገር ሄደች። ጆሮ ጠቢ የሚለው ቃል ከሰው አፍ አይጠፋም። ስለ ግብርም ስለ መሬትም ማውራት ቀረና ኳስ ብቻ ተረፈን። አልዋሽም፣ የዳኛን አድልዎ ስናማ ዳኛውን ብቻ አልነበረም የምናማው። ዳኛ የገዛ ወንድሙን ከሜዳ አያስወጣም ሲባል ሁላችንም እንስቃለን፤ ሣቁ ለኳስ ከሚገባው በላይ ይረዝማል። ከዚያ ማን እንደሳቀና ማን እንዳልሳቀ እንተያያለን።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ሰውዬ ሰፈራችን ቤት ተከራየ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ጉርድ ሾላ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ተረካቢ ነኝ ይላል፤ መጋዘኑን ያየ ግን የለም። ዝናብ ኖረም አልኖረም ካፖርት ይለብሳል። እሑድ ይመጣና ከበረንዳው ጫፍ፣ ግራ ጎኑን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ይቀመጣል፤ ዓይኑን አፋችን ላይ ይተክላል። ወሬው ሲጥም ወደ ፊት ዘንበል ብሎ "ምን አሉ?" ይላል። ስንስቅ እሱ ዘግይቶ፣ ፊታችንን አይቶ ነው የሚስቀው። የታችኞቹ ደጋፊ መሆኑ ደግሞ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብን። ጠርጥር፣ ከገንፎ መሀል አይጠፋም ስንጥር ብዬ በሰውዬው ላይ መጀመሪያ ያንሾካሾክሁት እኔ ነኝ። ጎበዝ የነቃሁ መስሎኝ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ታችኞቹ ሦስት ለዜሮ አሸነፉን። አንዷ ጎል በክርስትና አባቴ እግሮች መሀል አልፋ ነው የገባችው፤ እሷ ነች ሰፈሩን ያቃጠለችው። በሚቀጥለው እሑድ እሳቸው በኀፍረት ወደ በረንዳው አልመጡም። ተጠባባቂ በረኛ የነበረው አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበርና ወሬው ሁሉ ስለ እሱ ሆነ። ልብስ ሰፊው የሚሰፉትን ትተው፣ ሜትሩን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ብድግ አሉና ቁርጡን ተናገሩ።

"ሽማግሌው ይውረድ፣ ልጁ ይግባ!"

አንዱ ሳለ። ሌላውም ሳለ። ልብስ ሰፊው ግን ልባቸው ኳሱ ላይ ነበርና ሳሉ ለምን እንደመጣ አልገባቸውም። ሰውዬው ከጫፉ ዘንበል ብሎ እንደ ልማዱ ምን አሉ ብሎ ጠየቀ። ልብስ ሰፊውም ወደ እሱ ዞረው፣ ዳገቱን የሚወጣ መንገደኛ ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብለው ደገሙለት። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰውዬው ራሱን ነቅንቆ ልክ ነው አለ።

ሰኞ መሥሪያ ቤት ገባሁ። ጓደኞቼ በሻይ ሰዓት የእሑድን ወሬ ከእኔ ይጠብቃሉ፤ ቀልደኛ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ታሪኩን ከነጩኸቱ አቀረብኩላቸው። እኛ እንዴት እንደሳልን፣ ሰውዬው እንዴት ዘንበል እንዳለ አንድ በአንድ አሳየኋቸው። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ምን ቢሉ ጥሩ ነው፣ ሽማግሌው ይውረዱ፣ ልጁ ይግባ አሉ እኮ፣ አልኩ። በሣቅ ፈረሱ። መስኮቱ አጠገብ የነበረ አንድ ባልደረባችን ብቻ አልሳቀም። ሻዩን ጠጥቶ ሲጨርስ የልብስ ሰፊው ሱቅ የት እንደሆነ ጠየቀኝ። ሱሪ ማሰፋት የፈለገ መስሎኝ መታጠፊያውን ሳይቀር ነገርኩት።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥተው ልብስ ሰፊውን ወሰዷቸው። የስፌት መኪናው ላይ የአንድ ሸሚዝ ኮሌታ ግማሹ ተሰፍቶ፣ መርፌው ጨርቁን እንደወጋ ቀረ። ባለቤታቸው ከማግስቱ ጀምሮ ምሳ ይዘው ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ መቆም ያዙ። አንዳንድ ቀን ሰሃኑ ባዶውን ይመለሳል፤ በልተዋል ማለት ነው። አንዳንድ ቀን እንደሞላ ይመለሳል። ያን ጊዜ ባለቤታቸው መንገዱ ላይ ማንንም ሳያዩ ዳገቱን ይወጣሉ። የወታደሩ ነገር ስላለ ሁላችንም የምናስበው አንድ ነበር፤ እኚህ ሰው ላይመለሱ ይችላሉ።

ማን ነገረባቸው? ይህማ ጥያቄም አልነበረም። የተዘጋው ሱቅ በር ላይ ቆመን ተማከርንና ባለ ካፖርቱን ሰላምታ ነሳነው። ለእኔ ግን ሰላምታ መንሳት አልበቃኝም፤ ንዴቴ አላስቀምጥ አለኝ። ወደ አከራዩ ሄጄ፣ እትዬ፣ ያስጠጉት ሰው ሰው አሳሳሪ ነው፣ ነገ ደግሞ እርስዎን አልኳቸው። ሴትዮዋ ደንግጠው ቅዳሜ ቤቱን አስለቀቁት። ፍራሹን ተሸክሞ በአጠገባችን ሲያልፍ ቆመና አየን።

"ምን አጠፋሁ?" አለ።

እኔ ፊቴን አዙሬ ስለ አንድ የኮርነር ምት አወራ ነበር። ቁልቁል ወረደ። ደስ አለኝ፤ አዎ፣ ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ልብስ ሰፊውን ያስፈታቸው ማን እንደሆነ ብትሰሙ ትገረማላችሁ። ክርስትና አባቴ ናቸው። ያን ጎረምሳ እጁን ይዘው ጣቢያ ገቡና ሽማግሌው የተባልኩት እኔ ነኝ፣ ልጁም ይኸው አሉ። መርማሪው ለምን ይውረድ አለህ ቢላቸው፣ በሰው ፊት ለመናገር የሚያሳፍራቸውን ነገር ተናገሩ፤ ሦስት ጎል ገብቶብኛል፣ አንዷም በእግሬ መሀል ነች አሉ። ለማረጋገጥ ሁለት የኳስ ዳኞች ተጠርተው መሰከሩ። ፖሊሶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ ይባላል። ልብስ ሰፊው በማግስቱ ተለቀቁ።

እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ ለማለት በረንዳው ሞላ። ሰው ሁሉ ያን ባለ ካፖርት ይረግማል፤ ከሁሉ በላይ ጮኼ የምረግመው እኔ ነበርኩ። ልብስ ሰፊው ከስተዋል። ሰው ሲበተን ልወጣ ስል፣ አንተ ቆይ አሉኝ። ያንን ግማሽ የተሰፋ ኮሌታ ከመኪናው ሥር አውጥተው እያገላበጡ ያዩ ጀመር።

"የተጻፈውን አነበቡልኝ" አሉ። "ሽማግሌው ይውረዱ ይላል። እኔ ይውረድ ነው ያልኩት። ጌታዬ፣ በረኛን ማን አንቱ ይላል ብዬ ብጠይቀው፣ መርማሪው ለዚህ እኮ ነው በረኛ አይደሉም የምንልህ አለኝ።"

ቀና ብለው አዩኝ።

"ከእኛ መሀል እሱን አንቱ የሚለው ማነው?"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የመስኮቱ ሰው ሻዩን ሲጠጣ ታየኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ ነበር እናቴ፤ እኔ ለሌላው ሰው ስጠቅሰው ነው የኖርኩት። ለሣቅ ነው የነገርኳቸው፣ ጋሼ፣ ለሣቅ ብቻ ነው አልኩ። ደግሞ እንደ ፈሪ ሰው፣ ባለ ካፖርቱም እኮ ሰምቶ ነበር ብዬ ጨመርኩ። እስከ ዛሬ የማፍረው ከሁሉ በላይ በዚህች ጭማሪ ነው።

"ያ ልጅ ግራ ጆሮው አይሰማም" አሉኝ። "የአንገቱን ልክ ስወስድ አፍሮ ነግሮኛል። ለዚያ ነው ጮክ ብዬ የደገምኩለት።"

ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። አነሡኝ፤ እግዚአብሔር ይፍታህ አሉኝ፣ ከልባቸው ነበር። ለማንም አልተናገሩብኝም፣ ለባለቤታቸው እንኳ። እኔም በማግስቱ ጉርድ ሾላ ወርጄ መጋዘኑን ፈለግሁ። መጋዘኑ ነበር። ሰውዬው ግን ሥራውን ለቆ ሄዷል፤ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ አላገኘሁም።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ እየፈራሁ በረንዳው ላይ ወጣሁ። ልብስ ሰፊው አዩኝና ከመቀመጫቸው ተነሡ። ኖር፣ አሉኝ። እኔ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ቁምጣዬን የሰፉልኝ ሰው ሲነሡልኝ ምን ልበል? በእግዜር ማለት እንኳ አቃተኝ። ወንበር ሳቡልኝ፤ ይቀመጡ፣ ቦታ አለልዎ አሉኝ። ሌሎቹ ልጁ ሹመት አገኘ እንዴ ብለው ሳቁ፤ ቀልድ መስሏቸው ነበር። እኔም ቀልድ ይሆን ብዬ ጥቂት ሳምንት ጠበቅሁ።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ጎረቤታሞች ሆነን ኖርን። አኩርፈውኝ አያውቁም። ስታመም ጠየቁኝ፣ ስዳር የሠርግ ልብሴን ሰፉልኝ፣ ዋጋም አልቀበልም አሉ። ለመለካት ክንዴን ሲያነሡ እንኳ እንግዳ ሰው እንደሚነካ በጣታቸው ጫፍ ነበር የሚነኩኝ። አንድ ቀን እንኳ ተሳስተው አንተ ይሉኛል ብዬ ጆሮዬን አቆማለሁ። እሳቸው ግን ሜትሩን ጠቅልለው፣ ዓይናቸውን ጨርቁ ላይ እንዳደረጉ፣

"ሐሙስ ይደርሳል፤ ሲመችዎ መጥተው ይውሰዱ" ይሉኛል።