እንፋሎቱን ስንሸሽ

ዘጠነኛ ክፍል ስንደርስ እኔና የአጎቴ ልጅ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራየን። ያደግነው ወንድ ልጅ ማጀት ከገባ በሚሰደብበት አገር ነው፤ ሽሮ ስንት ውሃ እንደሚፈልግ እንኳ የነገረን አልነበረም። ለትምህርት ስንወጣ ግን ድስትና ምጣድ አሸክመው "በሉ እንግዲህ፣ ራሳችሁን ቻሉ" አሉን።

የዚያ ዓመት በረዶ ጤፉንም ባቄላውንም አረገፈው። የተረፈው ጓያ ነበር። ጓያ ያበዛ ሰው እግሩ እንደሚሰበር አገሬው ሁሉ ያውቃል። እናቴም የሁለታችንን ስንቅ በኬሻ ቋጥራ ስትሰጠን አጥብቃ አሳሰበችን።

"ስትቀቅሉት እንፋሎቱ እንዳያገኛችሁ። ሰው የሚሰብረው እሱ ነው።"

ክፍላችን መስኮት የላትም። የአጎቴ ልጅ አሰበበት፤ ከሁለታችን ጥንቁቁ እሱ ነበር፣ ውሃ እንኳ ሳያጣራ አይጠጣም።

"ታዲያ ለምን እንቀቅለዋለን? ቆሎ እናድርገው። ቆሎ እንፋሎት የለውም።"

ብልህነቱ አስደሰተኝ። ዘፍዝፈው ቀቅለው ውሃውን ቢደፉት መርዙ እንደሚቀንስ፣ ቆሎ ሲሆን ግን እዚያው እንደሚቀር ማን ነግሮን! ድስቱ ሥራ ፈታ። ጧት ቆሎ፣ ማታ ቆሎ፤ በፕላዝማ ስንማርም ከኪሱ እየዘገነ ይቆረጥማል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ሄጄ እንጀራ እበላለሁ። እሱ ዕቃችን እንዳይሰረቅ ብሎ ይቀራል።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጉልበቱ ይከዳው ጀመር። የመንገድ ድካም ነው አልን። ቀጥሎ ተረከዙ መሬት አልነካ አለ፤ ጉልበቶቹ እየተጋጩ በእግሩ ጣቶች ይሄዳል። ለፋሲካ ከዘራ ቆረጥኩለት። ያ እግር ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ሰነፍ ቢሆን፣ ምክር የማይሰማ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር። አንድም ትልቅ ሰው ማጀት አስገብቶ አላሳየንም፤ ፍርሃቱን ብቻ ነው ያወረሱን።

እናቴ ገበያ ስትመጣ አየችው። መደቡ ላይ ተቀምጣ እግሩን በሁለት እጇ ያዘች።

"ልጄ፣ እንፋሎቱን ሽሹ ብያችሁ አልነበር?" አለችው።

ቅር አለው።

"ኧረ አክስቴ፣ እንደነገሩን ነው ያደረግነው። አንድ ቀን እንኳ አልቀቀልንም።"

እናቴ እፎይ አለች። ይዛው የመጣችውን ሌላ ኬሻ ጓያ ጥግ አስቀምጣ፣ "እንግዲያው ብርድ ነው" ብላ እግሩን ታሸው ጀመር።