ሚስማሩ ላይ የተሰኩት ወረቀቶች

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም።

በድርቁ ጊዜ ቆቦ ውስጥ የእርዳታ እህል በሚታደልበት ጣቢያ መዝገብ ያዥ ነበርሁ። እህል የሚሰፈረው ስሙ በመዝገቡ ላይ ላለ ሰው ብቻ ነው። የሞተ ይሰረዛል፣ አዲስ የመጣ ይጨመራል፤ ይህም የሚፈጸመው ከገበሬ ማኅበራቱ በሚላክ ቁራጭ ወረቀት ነበር።

አንድ ወቅት የእኛ መዝገብና አውራጃው ዘንድ የተቀመጠው ግልባጭ አልገጥም አሉ። ኃላፊያችን፣ «ጓድ፣ ልዩነቱ እስኪጣራ አንዲት ጭረት እንዳትጨምር» አለኝና መዝገቡን ወደ አውራጃው ላከው። ወረቀቱ ግን መምጣቱን አላቆመም። የመጣውን ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ በቆመው ረጅም ሚስማር ላይ እየሰካሁ አቆየሁት።

መዝገቡ የተመለሰው በእደላው ዋዜማ ነው። «በል ቀጥል፤ ነገ ጠዋት ሰዉ በር ላይ ነው» ተባልሁ። ከሚስማሩ አናት ጀምሬ አንድ በአንድ እየነቀልሁ አስገባሁ፤ ያስገባሁትን መሳቢያዬ ውስጥ አኖርሁ። በሌላ ጊዜ ወረቀት በዕለቱ ስለሚያልቅ ከላይ ቢጀመር ጉዳት አልነበረውም። ከላይ ያለው መጨረሻ የመጣው መሆኑን ያን ቀን አላሰብሁትም። የማየው የቤት ቁጥሩን ብቻ ነበር።

በማግስቱ ከዋጃ በኩል የመጣች አንዲት ሴት ተራዋ ደረሰ። መዝገቡን ብገልጥ ስሟ በቀይ ቀለም ተሰርዟል።

«ለሰፈራ ሄዳለች ነው የሚለው» አልሁ።

«ታዲያ በምን ተመለስሽ፣ በአውሮፕላን?» አላት ዘበኛው።

«መዝገባችሁ ሄዶ እንደሁ እንጃ፤ እኔስ እዚሁ ነኝ። የሄደው ባሌ ነው።»

መሳቢያዬን ከፈትሁ። አንደኛው ወረቀት፣ «አባወራው ከነቤተሰቡ ለሰፈራ ሄዷል፤ ይሰረዝ» ይላል። ከስድስት ቀን በኋላ የተጻፈው ደግሞ ያንኑ ያርማል፦ «የሄደው ባል ብቻ ነው፤ ሚስቱና ሦስት ልጆቿ በእርሷ ስም ይቀጥሉ።» እኔ እርማቱን አስቀድሜ ጽፌ፣ ስሕተቱን አስከትዬ ሰርዣታለሁ።

ኃላፊው አጠገቤ ቆሞ ነበር። «የተሰረዘ ሰው ያለ ማኅበሩ ደብዳቤ አይመለስም» አለ።

ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ስሕተት አሻጥር ይባላል፤ በአሻጥር የተጠረጠረ ሰውም ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቃለን። መሳቢያውን ዘጋሁት።

«ደብዳቤ አምጪ፣ እቴ» አልኋት።

«እንግዲህ አላህ ያውቃል፣ ወንድምዓለም» ብላ ባዶ ጆንያዋን አጥፋ ወጣች።

ደብዳቤውን ይዛ የመጣችው ለሚቀጥለው እደላ ነው። ስሟን መልሼ ጻፍሁ። የቤተሰቡን ብዛት መጠየቅ ደንብ ነውና ጠየቅሁ።

«ስንት ናችሁ?»

«ሦስት።»

መሳቢያዬ ውስጥ ያለው ወረቀት አራት ነበር የሚያደርጋቸው። ለማንኛውም ለውጥ ከማኅበሩ ወረቀት እንጠይቃለን፤ ለዚህኛው አልጠየቅኋትም። ሦስት ብዬ ጻፍሁ።