ይፈሩኛል ወይስ ይፈሩልኛል?

እናትና አባት ያወጡላቸውን ስም የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። በሚሠሩበት የአሽከርካሪ ማሠልጠኛም በሰፈሩም ጋሽ ፍሬን ነው የሚባሉት። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። መኪናዋ ገና ከመንቀሳቀሷ «ፍሬን!» ብለው ሲጮኹ እንኳን ተማሪው መንገድ የሚያቋርጠው ውሻ ሳይቀር ቀጥ ይላል። በእሳቸው ወንበር በኩል ሌላ ፍሬን ተገጥሞላቸዋል። መርገጥ እየቻሉ ለምን እንደሚጮኹ ሲጠየቁ፣ «እኔ ከረገጥኩትማ የሚማረው የእኔ እግር ነው» ይላሉ።

ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን እንዳይሆኑ አንድያ ሴት ልጃቸው ከባሏ ጋር እሳቸው ቤት ገባች። ልጃቸው ባንክ ገንዘብ ከፋይ ናት፤ አማቻቸው ቤት ለቤት እየዞረ መብራት የሚዘረጋ ኤሌክትሪሲያን ነው። ሦስቱም ጠዋት ይወጣሉ፣ ማታ አንድ ገበታ ላይ ይገናኛሉ። ኑሮው በዚሁ ሲሄድ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው የሳንባ በሽታ መጣ።

መጀመሪያ የጠራቸው የማሠልጠኛው ሥራ አስኪያጅ ነው። መሪ ያስጨበጡት እሳቸው ናቸው፤ አሁንም ሲያያቸው ወንበሩ ላይ ቀና ይላል።

«ጋሽዬ፣ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ አሠልጣኝ ለጊዜው ቤቱ ይረፍ ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«እ... ተብሏል። ለእርስዎ ብለን ነው።»

«እኔ ደከመኝ ብያለሁ?»

«አላሉም። በሽታው ትልልቅ ሰዎች ላይ ይበረታል ብለው ነው።»

ይህን ሲባባሉ ሌላው አሠልጣኝ የመኪናዋን ቁልፍ ከግድግዳው አንስቶ ወጣ። አርባ ያልሞላው ሰው ነው፤ ግን ሲጋራ ከአፉ አይጠፋም፣ ደረጃ ወጥቶ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ሻይ ይቀዘቅዛል። ሳሉ ከግቢው ድረስ ተሰማ። ጋሽ ፍሬን ወደ ሳሉ ተመለከቱ፣ ወደ ሥራ አስኪያጁ ተመለከቱ። «በሽታው መታወቂያ እያየ ነው እንዴ የሚይዘው?» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። እሳቸው የጠየቁት ግን የምራቸውን ነበር።

ቤት ደግሞ ሌላ ነገር ጠበቃቸው። ልጃቸው ቀድሞ ዕቃ ማስቀመጫ የነበረችውን የጓሮ ክፍል አጽድታ፣ አልጋቸውን አዛውራ፣ ከበሩ ውጭ አንዲት በርጩማ አኑራለች።

«አባዬ፣ ምግብህን እዚህ እናስቀምጥልሃለን። ስናንኳኳ ቶሎ አትክፈት፤ እስክንርቅ ጠብቅ።»

«እናንተ ናችሁ ከሰው ጋር ስትጋፉ የምትውሉት። እኔን ለምን ታስሩኛላችሁ?»

«ላንተ ፈርተን ነዋ!»

ነገሩ እውነት ይመስላል። ቢሆንም በገዛ ቤታቸው፣ ራሳቸው ባስገነቡት ግድግዳ ውስጥ፣ ኮቴ እስኪርቅ ጆሮ ጥለው ሲጠብቁ ጥፋተኛ ጥፋተኛ ይሰማቸዋል። ምን እንዳጠፉ ግን አይታወቃቸውም። ቴሌቪዥኑን ሲከፍቱት ዜና አንባቢው፣ «ሕዝቡ እንዳይደናገጥ፤ ሕይወታቸው ካለፈው አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው» ይላል። «እኔ ታዲያ ከሕዝብ አይደለሁም ማለት ነው?» ብለው ይጠይቁታል። አንባቢው ወደ ኳስ ዜና ያልፋል።

አንድ ቀን የደም ግፊት መድኃኒታቸው አልቆ፣ ልጃቸው ሳታይ ፋርማሲ ሄዱ። ሰልፉ ረጅም ነው። ከፊታቸው የነበረ ጎረምሳ ገና ሲያያቸው ወደ ጎን ፈቀቅ አለና «አባባ፣ ይለፉ፣ ይቅደሙ» አለ። የፊተኞቹም ዞረው አይተው መንገድ ከፈቱ። ደስ አላቸው፤ ትልቅ ሰው የሚያከብር ትውልድ አልጠፋም ብለው እየመረቁ ወደ ፊት ተራመዱ። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ አንዲት እናት ልጇን ወደ ጉያዋ ስባ አፍና አፍንጫውን በነጠላዋ ስትሸፍን አዩ። ምርቃቱ አፋቸው ላይ ቀረ። መንገድ የከፈቱላቸው አክብረዋቸው ነው ወይስ ሸሽተዋቸው? ፈቀቅ ማለት ያው ፈቀቅ ማለት ነው፤ በምን ይለያል? መድኃኒታቸውን ይዘው ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ያሰቡት ይህንኑ ነው። ይፈሩኛል ወይስ ይፈሩልኛል? በአንዲት ፊደል የሚለያይ ነገር እንዲህ ያደናግራል?

ብዙም ሳይቆይ ሳል ጀመራቸው። ልጃቸው ደንግጣ ለበሽታው በተመደበው ስልክ ደወለች። በሩ ላይ ቆማ ስለነበር ድምፁ ለእሳቸውም ይሰማ ነበር።

«ዕድሜ?»

«ሰባ ሁለት።»

«ቤት ይቆዩ። ፈሳሽ ስጧቸው። አልጋ የለም።»

ፈሳሹን ጠጡ፣ አላባቸው፣ ቃዡ፣ ሳሉም እንደ አመጣጡ ሄደ። እሳቸው ተነስተው ግቢ ውስጥ መራመድ ሲጀምሩ ግን አማቻቸው ወደቀ። ትከሻው በር የሚሞላው ሰው፣ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ አየር እንደ ጠፋበት ዓሣ አፉን ይከፍታል ይዘጋል። ልጃቸው ያንኑ ቁጥር ደወለች።

«ዕድሜ?»

«አርባ አንድ።»

«በሉ ቶሎ አምጡት!»

«አልጋ አለ?»

«ይፈለግለታል።»

ጋሽ ፍሬን ይህንንም ሰሙ። አማቻቸውን እንደ ወለዱት ልጅ ነው የሚወዱት፤ እፎይ አሉ። ከእፎይታው ሥር ግን እንደ እሾህ የሚወጋ ነገር ነበር። ለልጁ አልጋ ይፈለግለት መባሉ አልከፋቸውም። ለእሳቸው ሳይፈለግ የለም መባሉ ነው ወይ የከፋቸው? መከፋትስ ይገባቸዋል? ለማሰብ ጊዜ አልነበረም፤ አምቡላንሶቹ ሁሉ ወጥተዋል ተባለ።

የአማቻቸው መኪና ደጅ ቆማለች፤ የሚነዳት ግን የለም። ልጃቸው የአሠልጣኝ ልጅ ሆና መሪ አትነካም። ድሮ ሊያስተምሯት ሞክረው፣ በመጀመሪያው ቀን ጩኸታቸው አስለቅሷት፣ መኪናውን መሀል መንገድ ትታ በእግሯ ቤቷ ገብታለች። ጋሽ ፍሬን ቁልፉን አነሱ።

«አባዬ፣ አንተማ አትወጣም!»

«ታዲያ ማን ይንዳ? ቴሌቪዥኑ?»

አልተከራከረችም። አማቻቸውን ከኋላ አስቀምጣ ደግፋ ያዘችው። ጋሽ ፍሬን ባዶውን ከተማ ሲያቋርጡ ማርሹ በየቦታው ገባ። አንዴም አልጮኹም።

የሆስፒታሉ ግቢ ገብተው ቆሙ። አማቻቸው እልኸኛ ነውና ደግፉኝ ሳይል ወርዶ የመኪናውን በር ይዞ ቆመ። ከእግር እስከ ራሳቸው የተሸፈኑ ሁለት ሠራተኞች ተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ ሮጠው መጡ። አንድ ጊዜ አዩና ጋሽ ፍሬንን ብብታቸውን ይዘው ወንበሩ ላይ አስቀመጧቸው።

«ኧረ እኔ ሾፌሩ ነኝ!»

«እሺ አባባ፣ አይጨነቁ።»

«በሽተኛው እሱ ነው እኮ!»

«ትንሽ ግራ ተጋብተዋል» አለ አንደኛው ለሌላው፣ ከእሳቸው ራስ በላይ፣ እሳቸው እንደማይሰሙ ሁሉ። ጣታቸው ላይ የኦክስጅን መለኪያ ሰኩላቸው። እንግዲህ እነዚህ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ እንዲህ ተረጋግተው ሲናገሩ ጋሽ ፍሬን ራሳቸውን ተጠራጠሩ። ሳላውቀው ብሶብኝ ይሆን? ማን ነበር ማንን ያመጣው? አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ልጃቸው ጮኸች። ባሏ በሩን ለቆ ጎማው ሥር ቁጭ ብሏል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል።

ሠራተኞቹ እሳቸውን ጥለው ሮጡ። ጋሽ ፍሬን መሀል ግቢ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ፣ መለኪያው ጣታቸው ላይ እንዳለ ቀሩ። ተነሱ ያላቸው የለም፤ ተቀመጡም የሚላቸው የለም። ከዚያ «ወንበር! ወንበር አምጡ!» የሚል ድምፅ ሰሙ። ብድግ አሉና የተቀመጡበትን ወንበር እየገፉ አደረሱላቸው። ከሠራተኞቹ አንዱ ቀና ብሎ «አባባ፣ እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ? ለእርስዎ እኮ አደገኛ ነው፤ ቤትዎ ይግቡ!» አላቸው።

አማቻቸው ኦክስጅን ተደርጎለት ከርሞ ዳነ። ቤት ሲመለስ ሸሚዙ ሰው የለበሰው አይመስልም ነበር። የዚያን ቀን በርጩማዋ ከጓሮው በር ጠፋች። ጋሽ ፍሬን የምግብ ክፍሉ በር ላይ መጥተው ቆሙ፤ መግባት ይቻል አይቻል አላወቁም።

«ግባ እንጂ አባዬ፣ ይበርዳል» አለች ልጃቸው፣ ምንም እንዳልነበረ ሁሉ።

ገብተው ተቀመጡ። ከበሉ በኋላ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«የኔ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያን ጊዜ የፈራችሁት ለእኔ ነበር ወይስ እኔን?»

ሳህን ማንሳቷን አቆመች። ባሏን አየችው፤ እሱ አቀረቀረ።

«አላውቅም፣ አባዬ። ሁለቱም መሰለኝ።»

አላስተባበለችም። እሳቸውም ይሻላል ወይም ይከፋል ማለት አልቻሉም።

ዓመት ሞልቶት በሽታው ጋብ ሲል ሥራ አስኪያጁ ደወለ። «ጋሽዬ፣ ተማሪ በዝቶብናል። ይምጡልን።»

«ሰባ ሁለት ሆኜ አርጅተዋል አላችሁኝ። አሁን ሰባ ሦስት ነኝ። ያነስኩ መስሎህ ነው?»

ጋሽ ፍሬን ስልኩን ዘግተው ሲያሰላስሉ ዋሉና በማግስቱ ኮታቸውን ለብሰው ሄዱ። አንዳንዱ ተማሪ «እሳቸው ካላስተማሩኝ» ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሲያያቸው ወደ ቢሮው ተመልሶ በለሆሳስ ሌላ አሠልጣኝ ይጠይቃል። ጋሽ ፍሬን ለምን ብለው አይጠይቁም። ቢነግሯቸውም ማመናቸውን እንጃ።