ለእናቴ ዶሮዎች የሠራሁት ቤት

ሸለምጥማጥ የሚሉት ነገር እኮ ደሜን አፍልቶታል። ቀጭን፣ ጭራው ረጅም፣ ድመት ልሁን ሌላ ነገር ልሁን ያልወሰነ አውሬ ነው። ቀኑን ሙሉ እናቴ ጓሮ፣ እንሰቱ መሀል፣ ከደረቀው ቅጠል ሥር ተኝቶ ይውላል። ሲመሽ ሥራውን ይጀምራል።

ጣጣውን ያመጣሁት ግን እኔው ነኝ። የምሠራው ሆሳዕና፣ ጤና ቢሮ ነው። ከቀበሌ ቀበሌ እየዞርኩ «ሰውና ዶሮ አንድ ቤት አይደር» እያልኩ አስተምራለሁ። ገጠር፣ ፎንቆ ያለችው የገዛ እናቴ ደግሞ አምስት ዶሮዎቿን አልጋዋ ሥር ታሳድራለች። አባቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ የእነሱን ድምፅ ካልሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም። አንድ ቀን የሥራ ባልደረቦቼ አብረውኝ መጥተው አዩ። በእናቴ አፈርኩ።

በሳምንቱ ጣውላና ሽቦ ጭኜ ሄድኩና እንሰቱ ጥግ ያማረ የዶሮ ቤት ሠራሁላት። ዙሪያውን ዞራ አየችው፤ ከዚያ በሽቦው ቀዳዳ ሦስት ጣቷን አስገባች።

«ልጄ፣ ይሄ አልሰፋም?»

«እማ፣ ዶሮ በዚህ አትወጣም» አልኳት።

ስለሚወጣው እንጂ ስለሚገባው መቼ አስቤ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱ ተበሉ። ጎረቤቱ ሁሉ አዋቂ ሆነ። አንዱ ጭስ አጭስ ይለኛል፣ አንዱ አሮጌ ሸሚዝ ስቀል፣ ሌላው ሬድዮ ክፈትለት። እስቲ አሁን ለሸለምጥማጥ ዜና ላሰማው? የእኔ ደግሞ ባሰ፤ የተማርኩት ሰውዬ በሩ ላይ ሁለተኛ መቀርቀሪያ ጨመርኩ። አውሬው በር መች ፈለገ። ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው አካሉ ይከተላል።

በቀጣዩ ቅዳሜ ስደርስ የቀረችው አንዲት ቀይ ዶሮ ብቻ ነበረች። እናቴ በነጠላዋ ሸፍና አቅፋታለች። ጎረቤቶች ተሰብስበዋል፤ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌም መጥተዋል።

«በምን በኩል ገባ?» ብለው ሽማግሌው ጠየቋት።

ሽቦው ላይ የአውሬው ፀጉር ተንጠልጥሏል። እኔ አይቼዋለሁ። እሷም አይታዋለች።

«ልጄማ ጥሩ ቤት ሠርቶልኝ ነበር» አለቻቸው። «እኔ ነኝ በሩን ሳልዘጋ የተኛሁት።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እርጅና ነው። ከእንግዲህ ልጅሽ የሚልሽን ስሚ» አሏት።

«እሺ» አለች።

እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። አፌን አልከፈትኩም።